ቡጋንቪሊያዬ ለምን አላብብ አለችኝ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ የሄደ ሰው ቡጋንቪሊያን ያውቃታል። በግድግዳው ላይ ወይን ጠጅ፣ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሆና የምትወርደው እሾሃማ ተክል ናት። አዲስ አበባም ብዙ አጥር ላይ አለች። ሰው አይቷት ይወዳታል፣ ችግኝ ገዝቶ ይተክላል፣ ከዚያ ቅጠል ብቻ ሆና ስትቀር ግራ ይገባዋል። የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው እዚሁ ላይ ያርፋሉ። መልሴም በአብዛኛው አንድ ነው፦ ፀሐይ አትንፈጓት፣ ውሃና ማዳበሪያ አታብዙባት። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ወሳኝ ስለሆነ አንድ በአንድ እንየው።

ለምለም ናት፣ ቅጠሏም ያምራል፤ አበባ ግን የለም። ምን ሆና ነው?

መጀመሪያ ፀሐይዋን ተከታተሉ። ቡጋንቪሊያ በቀን ቢያንስ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ሊያርፍባት ይገባል። ግቢው ብሩህ ነው ማለት ፀሐይ ያገኛታል ማለት አይደለም። የጎረቤት ፎቅ ከቀትር በኋላ ጥላውን የሚጥልባት ከሆነ ወይም ከአቮካዶ ዛፍ ሥር ከቆመች፣ ሌላውን ሁሉ ብታሟሉላትም ወደ ብርሃኑ ትሳባለች እንጂ አታብብም። ቅርንጫፎቿ ረጃጅምና ቀጫጭን ከሆኑ፣ ቅጠሎቿም ሰፋ ብለው ከሳሱ ምልክቱ ይሄው ነው። ቦታ ከመቀየር በስተቀር መድኃኒት የለውም።

ፀሐይዋ በቂ ከሆነ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ውሃ ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ ሣሩም፣ ጽጌረዳውም፣ ቡጋንቪሊያዋም በአንድ ጎማ በየማታው እኩል ይጠጣሉ። ሣሩን ይጠቅመዋል፣ እሷን ግን ይጎዳታል። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ሲሆን ቅጠል ማብዛት ትቀጥላለች። ትንሽ ስትጠማ ነው ወደ ማበብ የምትዞረው። አገራችን ውስጥ ክረምቱን አረንጓዴ ሆና ከርማ፣ ዝናቡ ካቆመና ፀሐዩ ከበረታ በኋላ የምትፈነዳው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ማዳበሪያ ነው። በተለይ ዩሪያ። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠልና ቅርንጫፍ ያሳድጋል። ትኩስ ፍግም ሲበዛ ያው ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል።

አራተኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም፤ እሱም መቀስ ነው። አበባዋ የሚወጣው በአዲሱ ቡቃያ ላይ ነው። አትክልተኛው አጥሩ ቅርጽ እንዲይዝ ብሎ በየሁለት ሳምንቱ ጫፍ ጫፏን ከቆረጠ፣ ልታብብ የተዘጋጀችበትን ሁሉ እየወሰደባት ነው ማለት ነው። ግድግዳውን ተከትላ ተስተካክላ የተላጨች፣ ግን አንድ ቀለም የሌላት ቡጋንቪሊያ ካያችሁ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለና ተክሏ ገና አንድ ዓመት ያልሞላት ከሆነች ታገሷት። መጀመሪያ ሥሯን ነው የምትዘረጋው።

ታዲያ ውሃ በየስንት ቀኑ ላጠጣት?

በቀን መቁጠሪያ አትሂዱ፤ አፈሩን በጣታችሁ ጠይቁት። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ደርቆ ካገኛችሁት እስከ ሥሯ እንዲደርስ አድርጋችሁ በደንብ አጠጡ፣ ከዚያ እስኪደርቅ ጠብቁ። በየቀኑ አንድ ጆግ ከማፍሰስ፣ ቆይቶ አንድ ሁለት ባልዲ ማፍሰስ ይሻላል።

አዲስ የተተከለች ግን ሌላ ነገር ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሥሯ ገና ስለሆነ በሳምንት ሁለቴ ያህል ውሃ ትፈልጋለች። ከዚያ እያራራቃችሁ ትሄዳላችሁ። መሬት ላይ ሥር ሰዳ የተደላደለች ትልቅ ቡጋንቪሊያ በበጋም ቢሆን በየ10 ወይም በየ15 ቀኑ ብትጠጣ ይበቃታል፤ እንደ ድሬዳዋ ባለው ሙቀት ትንሽ ቀረብ ይደረጋል። በክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ጭራሽ አታጠጧት።

ቅጠሏ ቀትር ላይ ትንሽ ጠውለግ ቢል አትደንግጡ። ማታ ቀና ካለች ደህና ናት። ማታም ጠዋትም እንደጠወለገች ከሆነ ግን ጊዜው ደርሷል፣ አጠጧት።

ግቢያችን ዋልካ አፈር ነው። ትበቅላለች?

ትበቅላለች፣ ግን እንዳለ አትትከሏት። ዋልካ በክረምት ውሃ ይይዛል፣ ሥሯም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥሯን ይበጥሳል። ጉድጓዱን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀትና ስፋት አድርጋችሁ ቆፍሩ። የወጣውን አፈር ግማሹን ተዉትና በቦታው ቀይ አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ከዚያ መትከያውን ከዙሪያው መሬት ከፍ አድርጉት፤ አንድ ስንዝር ያህል ጉብታ ቢሆን ውሃው ወደ ጎን ይወርዳል። ጉድጓዱን በጥሩ አፈር ሞልቶ ከመሬቱ እኩል መተው አደጋ አለው፤ ዙሪያው ዋልካ ስለሆነ የክረምቱ ውሃ ሁሉ ወደዚያ ጉድጓድ ይሰበሰባል።

ቀይ አፈር ላይ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ትንሽ ኮምፖስት ጨምራችሁ ብትተክሉ ይበቃል።

ከችግኝ ጣቢያ ገዝቼ በተከልኩ በሳምንቱ ጠወለገች። ለምን?

ምናልባት ሥሯ ተነክቶ ይሆናል። ቡጋንቪሊያ ከላይ ስትታይ ጠንካራ ናት፤ ሥሯ ግን ቀጭንና በቀላሉ የሚበጠስ ነው። መነካት አይወድም። ችግኞቹ አብዛኛውን ጊዜ በጥቁር ላስቲክ ነው የሚሸጡት። ሰው ግንዷን ይዞ ሲጎትታት አፈሩ ይፈርሳል፣ ሥሩም አብሮ ይበጠሳል።

እንዲህ አድርጉ። ከአንድ ቀን በፊት አጠጧት፣ አፈሩ እርስ በርሱ እንዲያያዝ። ጉድጓዱን አዘጋጅታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የላስቲኩን ታች በምላጭ ዙሪያውን ቆርጣችሁ አንሱ። ከነላስቲኩ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጧት። አሁን ጎኑን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁትና ላስቲኩን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። አፈሩ ሳይፈርስ ይቀራል። ዙሪያውን ሙሉ፣ በእጃችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉ እንጂ በእግር አትርገጡ። ከዚያ አጠጡ። ጥልቀቷ ላስቲኩ ውስጥ ከነበረው እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ግንዷ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ሊበሰብስ ይችላል።

ቀድሞ ከጠወለገች ደግሞ ውሃ አታዝንቡባት። ለጥቂት ቀን ከቀትር ፀሐይ በጆንያ ወይም በሻሽ ጋርዷት፣ አፈሩን መጠነኛ እርጥበት ላይ አቆዩት። ቅጠሏን ሁሉ አራግፋ ከግንዷ እንደገና የምታቆጠቁጥ ብዙ ናት። ግንዷን በጥፍራችሁ ጫር ስታደርጉት አረንጓዴ ከሆነ አልሞተችም።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በረንዳ ላይ በማሰሮ ይሆናል?

በደንብ ይሆናል። እንዲያውም ሥሯ ጠበብ ሲልበት በደንብ ታብባለች። ስለዚህ ትልቅ ማሰሮ ለትንሽ ችግኝ አትግዙ። ከሥሯ ትንሽ የሚሰፋ ይበቃል፣ በሁለት ሦስት ዓመት አንዴ ወደሚበልጥ ታዛውሯታላችሁ። ዋናው ነገር የማሰሮው ታች ቀዳዳ ነው። የሚያማምሩት የሸክላና የሴራሚክ ማሰሮዎች ቀዳዳ የሌላቸው ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሳታዩ አትግዙ። ከሥር የምታስቀምጡት ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ውሃም ድፉት።

የበረንዳው አቅጣጫ ግን ወሳኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ጥላ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ለጥላ የሚስማማ ሌላ ተክል ፈልጉ። ቡጋንቪሊያን ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ያሳዝነኛል።

ማዳበሪያ ጨርሶ አልስጣት?

በማሰሮ ያለች ትፈልጋለች፤ በየውሃው አብሮ የሚታጠብ ብዙ ነገር አለ። መሬት ላይ ያለችው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ግንዷን ሳይነካ ዙሪያዋን ቢደረግላት ደህና ናት። የምትገዙት ማዳበሪያ ከሆነ ናይትሮጅኑ የማይበዛውን፣ ፖታሲየም ያለበትን ምረጡ። በደረቅ አፈር ላይ ማዳበሪያ አታድርጉ፣ ሥር ያቃጥላል።

መቼ ነው የሚከረከመው?

አንድ ዙር አብባ አበባዋ ሲረግፍ። ያኔ ስትቆርጧት የምታወጣው አዲስ ቡቃያ የሚቀጥለውን አበባ ይዞ ይመጣል። ከተቆረጠች በኋላ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅባታል፤ ብርድ ባለበት ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው አበባዋን ከበዓል ጋር ማገናኘት ይችላል። ለገና ወይም ለጥምቀት እንድታብብላችሁ ከፈለጋችሁ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቅርጽ አስይዟትና ከዚያ መቀሱን ሰቅላችሁ ተዉት። ኅዳር ላይ ዳግም መቁረጥ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

ሲከረከም የደረቀው፣ የሳሳው፣ ወደ ውስጥ ያደገውና እርስ በርስ የተቋለፈው ነው ቀድሞ የሚወጣው። ከዚያ ረጃጅሞቹን ሲሶ ያህል አሳጥሩ። ከሥር ወይም ከግንዱ ቀጥ ብለው የሚወጡ ወፍራም፣ አበባ የሌላቸው ቅርንጫፎች አሉ፤ ተክሏን ይመጠምጧታል፣ ከመነሻቸው ቁረጧቸው።

ዓመታት ሙሉ ሳትነካ ያደገችና መሐሏ ደረቅ እንጨት ብቻ የሆነች ካለች ጉንደላ ትችላለች። ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ትታችሁ ብትቆርጧት ታቆጠቁጣለች። ይህን በብርድ ወራት አታድርጉት፤ ሙቀት ሲጀምር፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ቢሆን ይሻላል። መቀሱን ወይም መጋዙን ጥሩ አድርጋችሁ ሳሉ። የተቀጠቀጠ ቁስል ቶሎ አይድንም።

ከጎረቤት ቅርንጫፍ ቆርጬ ብተክልስ?

ጎረቤት ከፈቀደ በጣም ጥሩ ነው። ዘር ፍለጋ አትድከሙ። ያልለጋ ግን ያላረጀ፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ምረጡ። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ከአንጓ በታች ቁረጡ። ቅጠሉን አራግፉ፣ ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ብቻ ተዉ። አሸዋና ኮምፖስት እኩል በተቀላቀለበት ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ሁለት አንጓው እስኪቀበር ትከሉት። የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ እንዳታቀያይሩ፤ ሲቆረጥ ታችኛውን ሰያፍ ማድረግ ለምልክት ይጠቅማል።

ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ ክዳኑን አውልቃችሁ ከላይ ድፉበት፣ እርጥበት ይይዝለታል። ብርሃን ያለበት ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ።

አሁን ትዕግሥት ነው። ሥር ለማውጣት ከ6 እስከ 10 ሳምንት ይፈጃል። በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ቅጠል ብቅ ሲል ሰው ተሳካ ብሎ ይደሰትና ነቅሎ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ያ ቅጠል ግንዱ ውስጥ በነበረው ስንቅ የወጣ ነው፤ ሥር ገና የለም። ሥር መኖሩን ለማየትም አትሳቡት። ማሰሮው ታች ቀዳዳ ላይ ነጭ ሥር ብቅ ሲል ያኔ ዝግጁ ነው። ደግሞ አንድ ብቻ ከተከላችሁ ላይይዝ ስለሚችል አምስት ስድስቱን ባንድ ጊዜ ትከሉ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቅጠሏ ይረግፋል። ልትሞት ነው?

የባሕር ዳርና የሐዋሳ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። አብዛኛው አዲስ አበባ ግን ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ ቡጋንቪሊያ ደግሞ የሞቃት አገር ተክል ናት። ሌሊቱ ሲበርድ ቅጠሏን ልታራግፍ ትችላለች፣ ፀሐይ ሲሞቅ ትመለሳለች። ሊጎዳት የሚችለው ውርጭ ነው። ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ያላችሁ፣ ወጣት ችግኝ ካላችሁ፣ ውርጭ በሚፈራበት ሌሊት በጆንያ ሸፍኗትና ጠዋት ግለጧት። ቀድሞ ለመከላከል ደግሞ ከሰዓት ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ጥግ መትከል ነው፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይሰጣታል።

በውርጭ የጠቆረውን ጫፍ ወዲያው አትቁረጡት። ብርዱ ካለፈ በኋላ የቱ እንደሞተ ራሷ ታሳያችኋለች።

ቅጠሏ ቢጫ ሆነ።

የታችኛው አሮጌ ቅጠል ብቻ ከሆነ ምንም አይደለም። ሁሉም ቢጫ ከሆነና አፈሩ እርጥብ ከሆነ ውሃ በዝቶባታል፤ አቁሙ፣ ውሃውም መውጫ ያግኝ። ለጋዎቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ደም ሥራቸው አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ደግሞ የብረት እጥረት ነው። ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ይታያል። አፈሩ ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥሯ ሊወስደው አይችልም፤ ቡጋንቪሊያ ትንሽ ወደ አሲድ የሚያደላ አፈር ነው የምትወደው። ኮምፖስት መጨመርና ቅጠል ላይ የሚረጭ የብረት ማዳበሪያ ይረዳል።

ተባይስ አላት?

ብዙ የላትም። ለጋ ጫፏ ላይ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይሰፍራል። ጉንዳን ግንዷ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ክሽክሽ ወይም ነጭ ጥጥ የመሰለው ተባይ መኖሩን ጠርጥሩ፤ ጉንዳኑ የሚመጣው ለሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። በውሃ ጎማ በኃይል ማጠብ ብዙውን ያራግፈዋል። ካልሆነ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር እርጩ። መጀመሪያ ጥቂት ቅጠል ላይ ሞክሩት። የቅጠሉ ዳር በሌሊት የሚበላ ከሆነ ትንሽ አረንጓዴ ትል ነው፤ ማታ በባትሪ ፈልጋችሁ ልቀሙት። ወደ መርዝ አትቸኩሉ፣ ንቦችና ቢራቢሮዎችም አሉ።

ልጆች አሉኝ። መርዝ ናት?

ዋናው አደጋ እሾኋ ነው። ጠንካራና ሹል ነው፣ በስስ ጓንት ያልፋል። ስትከረክሙ ወፍራም የቆዳ ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ዓይናችሁንም በመነጽር ጠብቁ። ፈሳሿ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ማሳከክና ሽፍታ ያስከትላል። የተወጋ ቦታ በሳሙና ይታጠብ፤ በጥልቀት ከወጋና ካበጠ፣ ወይም የቲታነስ ክትባታችሁ ከቆየ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ልጆች በሚሮጡበት መተላለፊያ ዳር አትትከሏት። የቆረጣችሁትንም መሬት ላይ አትተዉት፤ የደረቀ እሾህ ጫማ ይበሳል።

ያ ቀለም አበባው አይደለም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አንድ ዘለላ ቆርጣችሁ አቅርባችሁ እዩት። ሦስት ወረቀት የመሰሉ ባለ ቀለም ቅጠሎች ተያይዘው ታገኛላችሁ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ፣ ከመሐለኛው ደም ሥር ላይ አንድ ቀጭን ቱቦ ተጣብቋል፣ ጫፉ ላይ ነጭ ወይም ወደ ክሬም የሚያደላ ትንሽ አበባ ተከፍቷል። እውነተኛው አበባ ያ ነው። ባለ ቀለሞቹ ቅጠሎች ሥራቸው ነፍሳትን መጥራት ነው። ትንሿ አበባ ከረገፈች በኋላም እነሱ ስለሚቆዩ ነው ግድግዳው ለሳምንታት የሚያሸበርቀው።

ቀለሟ ተለወጠብኝ ለምትሉም፦ ብርቱካናማና ቢጫ ዓይነቶች እያረጁ ወደ ሮዝ የሚያደሉ አሉ። ከግንዱ ታች ጭራሽ ሌላ ቀለም የሚያወጣ ቅርንጫፍ ከመጣ ግን የተዳቀለች፣ ማለትም በሌላ ቡጋንቪሊያ ግንድ ላይ የተቀጠለች ችግኝ ገዝታችሁ ይሆናል፤ የታችኛው ተክል ራሱን እያበቀለ ነው። ከሥሩ ቁረጡት።

የአገራችን ተክል ናት?

አይደለችም፤ አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ብራዚልና አካባቢዋ። ከ1766 እስከ 1769 እ.ኤ.አ. ዓለምን በዞረው የፈረንሳዊው የመርከብ አዛዥ የሉዊ አንቷን ደ ቡጋንቪል (ተክሏ በስሙ ነው የተጠራችው) ጉዞ ላይ የነበረው ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ፊሊበርት ኮመርሶን ሪዮ ዴ ጃኔሮ አጠገብ ሰብስቦ መዘገባት። ረዳቱ ዣን ባሬ ነበረች። ሴት በፈረንሳይ የባሕር ኃይል መርከብ መሳፈር ስለማይፈቀድላት ወንድ መስላ ነው የተጓዘችው፤ ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት እንደሆነች ይነገርላታል። ስሟ ከተክሏ ጋር አብሮ አለመነሳቱ ይቆጨኛል።

ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። እዚህ ትኖራለች?

በማሰሮ ብቻ። በጋውን ሙሉ ደጅ ፀሐይ ላይ አቆዩአት። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች መውረድ ሲጀምር አስገቧት። መስኮት አጠገብ አስቀምጧት፣ ውሃ በጣም ቀንሱ። ቅጠሏን ብታራግፍ አትጣሏት፣ አርፋ ነው። ፀደይ ላይ ውርጩ ሙሉ በሙሉ ካለፈ በኋላ ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ጥላ ከዚያ ፀሐይ፣ አውጧት። እስራኤል ወይም ዱባይ ያላችሁ ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም፤ እዚያ መንገድ ዳር ነው የምትበቅለው። የባሕረ ሰላጤው በጋ ላይ ግን ማሰሮው ቶሎ ስለሚደርቅ ውሃውን ቀረብ አድርጉት።

አጥር ላይ ራሷ ትወጣለች ወይስ ላስራት?

ራሷ አትጠመጠምም፣ አትጣበቅምም። በእሾኋ ተንጠላጥላ፣ በሌላው ላይ ተደግፋ ነው የምትወጣው። ስለዚህ ብሎኬት አጥር ላይ ምስማር መትታችሁ ሽቦ አግድም ወጥሩና በጨርቅ ወይም በገመድ ላላ አድርጋችሁ እሰሯት። በቀጭን ሽቦ ግንዷን አትሰሩ፣ ሲወፍር ይቆርጠዋል። ከግድግዳው ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር አርቃችሁ ትከሉ። ቆርቆሮ አጥር ከሆነ ስታድግ ክብደቷ ያጎብጠዋል፣ መደገፊያ ብረት ያስፈልገዋል። ጣሪያ ላይ ከወጣች የረገፈው አበባ አሸንዳውን ይደፍናል፤ ከክረምት በፊት ጥረጉት። የመብራት ገመድ ከነካች ግን ራሳችሁ መቀስ ይዛችሁ እንዳትወጡ። መብራት ኃይልን ጠርታችሁ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ነው የሚቆረጠው።